የአሻንጉሊት ቤት
ስለ አባትና ልጅ መለያየት የቀረበ የቤተሰብ ትምህርት

ስለ አባትና ልጅ መለያየት ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ልጁ ኮብልሎ የሄደበት ወይም አባት ልጁን የካደበት ታሪክ ነው። በአንድ ማዕድ እየቀረቡ፣ በአንድ ጣራ ሥር እያደሩ ስለሚለያዩት ግን እምብዛም አንነጋገርም። ይህኛው መለያየት ጩኸት የለውምና ጎረቤት አይሰማውም፤ ሽማግሌም አይላክበትም። ስለዚህ ይህንኑ ጉዳይ አጥርቶ የሚያሳይ አንድ የህንድ ፊልም መርጠን ከአንባብያን ጋር ልንመረምረው ወደናል።

የፊልሙ ስም «ቦማሪሉ» ነው፤ ትርጓሜውም «የአሻንጉሊት ቤት» ማለት ነው። በአገራችን «የህንድ ፊልም» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሂንዲ ቋንቋ የተሠራውን ነው። ይህ ግን በቴሉጉ የተሠራ ነው። ቴሉጉ በደቡብ ህንድ፣ በአንድራ ፕራዴሽና በቴላንጋና፣ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ ሲሆን፣ ማእከሉን በሃይደራባድ ከተማ ያደረገ የራሱ የሆነ ሰፊ የፊልም ሥራ አለው። «ቦማሪሉ» እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ለሕዝብ ቀረበ። ለአዘጋጁ ለባስካር የመጀመሪያ ሥራው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ራሱ «ቦማሪሉ ባስካር» እየተባለ ይጠራል። ፊልሙም በዚያ ዓመት በክፍለ ሀገሩ መንግሥት የሚሰጠውን የናንዲ የወርቅ ሽልማት ተቀብሏል።

ታሪኩ የሚጀምረው በባሕር ዳርቻ ነው። አባት ገና መራመድ ያልቻለ ሕፃን ልጁን እጁን ይዞ ያስኬደዋል። ተራኪውም ይህ የተገባ መሆኑን ከተናገረ በኋላ ይጠይቃል፤ ልጁ 24 ዓመት ሲሞላውስ አባትየው እጁን እንደ ያዘ ሊቀጥል ይገባዋልን? የፊልሙ ጉዳይ በሙሉ በዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ።

አባትየው አራቪንድ ይባላል፤ የሚጫወተው እውቁ ተዋናይ ፕራካሽ ራጅ ነው። ሀብታም የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፦ ይህ ሰው ሰካራም አይደለም፣ ልጆቹን አይደበድብም፣ ቤቱን አይበድልም። ልጁ ሲዱ በአባቱ ላይ የሚያቀርበው ክስ አባቴ ነፈገኝ የሚል ሳይሆን፣ ከጠየቅሁት በላይ ሰጠኝ የሚል ነው። የሚለብሰውን ልብስ፣ የጠጉሩን አቆራረጥ፣ የሚወደውን ጨዋታ ሳይቀር የሚመርጥለት አባቱ ነው። ልጁም ሁሉን በእሺታ ይቀበላል። በልቡ ግን ሁለት ነገሮችን ለራሱ አስቀርቷል፤ የሚሠራውን ሥራና የሚያገባትን ሴት።

ይሁን እንጂ ይህን ውሳኔውን ለአባቱ አይነግርም። ከቤት ውጭ ከጓደኞቹ ጋር ሳቂታና ተጫዋች ነው፤ ወደ ቤት ሲገባ አንደበቱ ይታሰራል። የራሱን ድርጅት ለማቋቋም ከባንክ ብድር የሚጠይቀው በስውር ነው። አባቱ ሱቡላክሽሚ የምትባል ልጃገረድ ሲያጭለትም እምቢ የሚል ቃል አልወጣውም። ወዲያው ሃሲኒ የምትባል የምሕንድስና ተማሪ ይወዳል። ልጁን እንደ ተበደለ ብቻ ልናይ አይገባም ብለን የምንከራከረው እዚህ ላይ ነው። ዝምታው ሌላውን ሰው ጎድቷልና። የታጨችው ልጅ ምን በደለች? ወላጆቿስ? በመጨረሻ እጮኝነቱን እንዲያፈርሱለት የሚለምናቸው እርሱ ራሱ ነው፤ አስቀድሞ በአንድ ቃል ሊፈጸም የሚችለው ነገር ዘግይቶ የሁለት ቤተሰብ እፍረት ይሆናል።

ምስጢሩ በተገለጠ ጊዜ ሲዱ አባቱን አንድ ነገር ይለምናል፤ ሃሲኒ አንድ ሳምንት በቤታቸው ተቀምጣ ጠባይዋ እንዲታይ። ልጅቷ ለአባቷ የኮሌጅ ጉዞ አለብኝ ብላ ትመጣለች። ፊልሙ ይህን ውሸት በሳቅ ያልፈዋል፤ እኛ ግን ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። የአንደኛው አባት ልብ እንዲከፈት የሌላው አባት ይታለላል። (ዘፈኖቹና ቀልዶቹም ለእኛ ዓይን ጥቂት ይረዝማሉ።)

ሃሲኒ ያሰበችውን የምትናገር፣ በቅጽበት የምትስቅ ናት። ቤተሰቡ መጀመሪያ ቀዝቀዝ ብሎ ይቀበላታል፤ ኋላም ይለምዳታል። ነገር ግን አባቱን የሚፈራው ሲዱ ራሱ ይገሥጻት ጀመር፤ እንዲህ አትሁኚ፣ እንዲያ አትናገሪ ይላታል። ይህን ክፍል አንባብያን በልዩ ትኩረት ቢመለከቱት እንወዳለን። አባቱ በእርሱ ላይ ያደረገውን እርሱም በምትወደው ልጅ ላይ አደረገ፤ ያውም ሳያውቀው። ሳምንቱ ሲፈጸም ልጅቷ በዚህ ቤት ራሴን ሆኜ መኖር አልችልም ብላ ትሄዳለች።

በዚህ ጊዜ ተዋናይት ጃያሱዳ የምትጫወታት እናት፣ ላክሽሚ፣ ዘመኗን ሁሉ ዝም ብላ ከኖረች በኋላ ባሏን ፊት ለፊት ትናገረዋለች። እርሷ መንገዱን ከከፈተች በኋላ ልጁ ያመቀውን ሁሉ ያወጣል። በቴሉጉ ቋንቋ እንደ እኛው «አንተ» እና «እርስዎ» አለ። ሲዱ እያለቀሰ የዓመታቱን ብሶት ሲዘረዝር አባቱን የሚጠራው በአክብሮቱ ቃል ነው። አንድም ስድብ ከአፉ አይወጣም። አባትየው ከስድብ ይልቅ በዚህ የሚደነግጠው ለምን ይሆን? እንደሚመስለን፣ ስድብ ቢሰማ ኖሮ ልጁን ባለጌ ብሎ ራሱን ነፃ ያወጣ ነበር። እርሱ እስከዚያች ሰዓት የቤቱን ጸጥታ ደስታ አድርጎ ሲቆጥር ኖሯል። በባልና ሚስት ስብሰባ ላይ ይህን ክፍል የምትወያዩበት ብትሆኑ፣ ልጆቻችሁ መጨረሻ እምቢ ያሏችሁ መቼ እንደ ነበር እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።

ፊልሙ የደረሰበትን ስፍራ ለመለካት አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2008 በታሚል ቋንቋ ዳግመኛ ሲሠራ የአባትነቱን ቦታ የያዘው ያው ፕራካሽ ራጅ ነበር። በቴሉጉ ተናጋሪዎች ዘንድም ልጁን ከመጠን በላይ የሚቆጣጠር ሰው «የቦማሪሉ አባት» ይባላል፤ ስሙ የዕለት ንግግር ሆኖ ቀርቷል።

ደግሞም በዚያው አገር ጥፋቱ በልጆች በኩል የሆነበት ፊልም መኖሩ ሊታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «አ ናሉጉሩ»፣ ማለትም «እነዚያ አራቱ»፣ ስሙን ያገኘው አስከሬን ከሚሸከሙት አራት ሰዎች ነው። በዚያ ደግ አባት በገንዘብ ፈላጊ ልጆቹ ተገፍቶ ይሞታል፤ ለቀብሩ የሚያለቅሱት የረዳቸው ባዕዳን ናቸው። ሁለቱን ያየ ሰው ሸክሙን በአባቶች ላይ ብቻ ወይም በልጆች ላይ ብቻ አይጭንም።

ወደ አራቪንድ እንመለስ። ከልጁ ንግግር በኋላ ይጸጸታል፤ ጸጸቱን ግን በቃል ብቻ አልተወውም። ተነሥቶ ወደ ሃሲኒ አባት ወደ ካናካ ራኦ ይሄዳል። በቤቱ ሁሉን ሲወስን የኖረው ሰው አሁን በሌላ ሰው ደጅ ለማኝ ሆኖ ይቆማል። ካናካ ራኦም እሺ አላለውም፤ የተታለለ አባት ነውና አይፈረድበትም። አራቪንድ ግን አይቆጣም፤ ልጁ ሲዱ በተራው በእነርሱ ቤት አንድ ሳምንት እንዲቀመጥና እንዲታይ ይጠይቃል። ፊልሙ ሠርጉን ሳያሳየን በዚህ ያበቃል። ልጁ በዚያ ቤት ያለ አባቱ እጅ፣ በገዛ ጠባዩ ይመዘናል።