194,313፦ የዐቢይ ቀመር ቀናት

በመቱ፣ በጎሬና በሌሎችም የኢሉባቦር ከተሞች ባሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካ የሚውልበት የወር ቀን በየዓመቱ ይለዋወጣል። ቀኑ የሚታወቀው ባሕረ ሐሳብ በተባለው ጥንታዊ ስሌት ነው። በዚህ ስሌት የበዓላቱ ተራ ሳይዛባ ተመልሶ የሚጀምረው በየ532 ዓመቱ ሲሆን፣ ዘመኑ ዐቢይ ቀመር ይባላል። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? መልሱ የሚገኘው በዘመኑ ውስጥ ባሉት ቀናት ብዛት ነው።

ቀናቱን እንቁጠር

በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ 365 ቀናት ሲኖሩት፣ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ አራት ዓመታት 1,461 ቀናት ናቸው። በ532 ዓመታት ውስጥ 133 አራት ዓመታት ስላሉ፦

133 × 1,461 = 194,313

133 የ7 እና የ19፣ 1,461 ደግሞ የ3 እና የ487 ብዜት ነው። እንግዲህ፦

194,313 = 3 × 7 × 19 × 487

አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። የ487ን ብቸኛነት ለማረጋገጥ ከ2 እስከ 19 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ይበቃል፤ የሚቀጥለው 23 በራሱ ሲባዛ 529 ሆኖ ከ487 ይበልጣልና።

የ7 እና የ19 ድርሻ

1,461 ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል። ስለዚህ አንድ የወር ቀን ከአራት ዓመታት በኋላ የሚውልበት ዕለት በ5 ይገፋል። 5 እና 7 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ግፊያው በሰባት ሙሉ በሙሉ የሚካፈለው ሰባት ጊዜ ሲደጋገም፣ ማለትም በ28 ዓመት ነው። ይህ ዐውደ ፀሐይ ነው። የጨረቃን ሂሳብ የሚመራው አበቅቴ ደግሞ በየ19 ዓመቱ ይመለሳል። የ28 እና የ19 ትንሹ የጋራ ብዜት 532 ነው።

ማዕከላዊ ቀመር የሚባለው 76 ዓመት ለምን አልበቃም? ቀናቱ 27,759 ሲሆኑ፣ ለ7 ሲካፈሉ 4 ይተርፋሉ። አበቅቴው ቢመለስም ዕለቱ አይመለስም። 27,759 በ7 ሲባዛ ግን ልክ 194,313 ይሆናል።

ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ውሏል። ከ532 ዓመታት በፊት፣ በ1485 ዓ.ም.ም በዚያው ቀን ነበር።

ስሌቱና ሰማዩ

የቁጥሩ ሕግ ፍጹም ነው፤ ጨረቃ ግን ለቁጥሩ አትገዛም። 235 የጨረቃ ወራት ከ19 ዓመት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያንሳሉ። ልዩነቱ በ532 ዓመታት ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ዐቢይ ቀመር የሚደግመው የሰማዩን ጨረቃ ሳይሆን የስሌቱን ጨረቃ ነው።

መልመጃ

የ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 እሑድ ነበር። ከ76 ዓመታት በኋላ፣ በ2093 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ 12 በየትኛው ዕለት ይውላል? (መልስ፦ ቀሪው 4 ስለሆነ ሐሙስ።)