ጊዜንና ምክንያትን መለየት፦ «ከ… በኋላ» እና «ስለ»

ቀጥለው ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ. ሞተር ብስክሌቱ ጨንቻ ከደረሰ በኋላ ደከመ።
ለ. ሞተር ብስክሌቱ ጨንቻ ስለ ደረሰ ደከመ።

የመጀመሪያው ጊዜን፥ ሁለተኛው ምክንያትን ያመለክታል። «ስለ» ብሎ ለመጻፍ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል።

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ፥ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ወደ ደጋ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያለ አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር፥ ካርቡራተሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ፥ በደጋ ለአየሩ የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይደርሰዋል። ስለዚህ ይታፈናል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። ይሁን እንጂ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈንም ይኸው ምልክት ይታያል።

ታዲያ ምክንያቱ በምን ይለያል? በዚያው በጨንቻ ማጣሪያውን አጽድቶ መሞከር ነው። ድካሙ ከተወገደ ጥፋቱ የማጣሪያው ነበር። ካልተወገደና ሞተሩ አርባ ምንጭ ሲወርድ ከተሻለው፥ ምክንያቱ ከፍታው ነው። ሳይመረምር ጨንቻ ላይ ቤንዚኑን አስቀንሶ በዚያው ወደ ቆላ የወረደ ሰው ግን ሞተሩን ለጉዳት ይዳርጋል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ስለሚግል ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል።

እንግዲህ በድርሰታችሁም ሳትመረምሩ «ስለ» አትበሉ።

መልመጃ፦ በአካባቢያችሁ ያያችሁትን አንድ ብልሽት ምረጡ። ምልክቱን በ«ከ… በኋላ»፥ በሙከራ የተረጋገጠውን ምክንያት በ«ስለ» እየገለጻችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።