ትምህርት አሥራ አራት፦ የአሠራር ድርሰትና የቦዝ አንቀጽ አገባብ

ባለፈው ትምህርት ስለ ገላጭ ድርሰት ተመልክተናል። አሁን የምንማረው ስለ አሠራር ድርሰት ነው። የአሠራር ድርሰት ማለት አንድ ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። ስለ ጠላ አጠማመቅ ስትጽፉ ቅደም ተከተሉ ቢዛባባችሁ ጠላው ይበላሻል እንጂ ሰው አይጎዳም። አንዳንድ ሥራ ግን አለ፤ በጽሑፉ ውስጥ አንዲት ፊደል ያለ ቦታዋ ብትገባ የአንባቢውን ዓይን ታጠፋለች። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ የመረጥነው ስለዚህ ነው። በጥሞና አንብቡት፤ በተለይም ግሦቹ በምን ዓይነት አንቀጽ እንደተያያዙ አስተውሉ።

ምንባብ፦ ያገለገለ ዘይት ናፍጣ የሚሆንበት መንገድ

ከቦሌ መንገድ አንሥቶ እስከ ገርጂና መገናኛ ድረስ ባሉት ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና የሳምቡሳ መጥበሻዎች በየቀኑ ብዙ ዘይት ይጠበስበታል። በፍስክ ወራት ደግሞ ከየሥጋ ቤቱ ሞራ ይተርፋል። ይህ ሁሉ ወደ ፍሳሽ ቱቦ ሲደፋ በቱቦው ውስጥ ረግቶ መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ያልረጋውም ከወንዝ ወደ ወንዝ እየተላለፈ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳል።

ዘይት ነዳጅ ሊሆን እንደሚችል ከታወቀ ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ በሩዶልፍ ዲዝል ፈጠራ መሠረት የተሠራ ሞተር በለውዝ ዘይት ሲንቀሳቀስ ታይቷል። ይሁን እንጂ ጥሬ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ውሎ አድሮ ነዳጅ የሚረጨውን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። በ1937 ሻቫን የተባለው ቤልጅጋዊ ዘይትን ከአልኮል ጋር አዋሕዶ የማቅጠኛውን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። በአገራችንም በ2000 ዓ.ም. የባዮ ነዳጅ ልማት ስትራቴጂ ወጥቶ፣ በ2001 ዓ.ም. በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተመረተ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ መጠን እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ያ ግን ለቤንዚን ሞተር ነው። ለናፍጣ ሞተር የሚስማማው ከዘይትና ከሞራ የሚገኘው ባዮዲዝል ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ያገለገለው ዘይት በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ ይሞቃል፤ ሞራ ከሆነም አስቀድሞ ይቀልጣል። ማሞቁ በውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ይቀጥላል። ውሃ ከቀረበት የሚገኘው ሳሙና እንጂ ነዳጅ አይደለም። ከዚያ በኋላ እሳቱ ጠፍቶ ዘይቱ እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። በሌላ ስፍራ፣ ከማናቸውም እሳት ርቆ፣ ኮስቲክ ሶዳ በሜታኖል ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይሟሟል። ለ1 ሊትር ያልተጠበሰበት ዘይት የሚበቃው 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖልና 3.5 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ነው። ዘይት በተጠበሰበት ቁጥር አሲዱ እየበዛ ስለሚሄድ ላገለገለው ዘይት ስንት ግራም ሶዳ እንደሚጨመርለት በቤተ ሙከራ ተለክቶ ይታወቃል። ሶዳው ፈጽሞ ከሟሟ በኋላ ድብልቁ ወደ ዘይቱ ተጨምሮ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ለ1 ሰዓት ያህል ይማሰላል። ሲያድር ጥቁሩ ግሊሰሪን ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ባዮዲዝል ነው። ግሊሰሪኑ ተቀድቶ ከወጣ በኋላ ባዮዲዝሉ ለብ ባለ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ እንዲደርቅም ይደረጋል። ከሞራ የተሠራው በኅዳርና በታኅሣሥ የማለዳ ብርድ ስለሚረጋ ብቻውን ለአዲስ አበባ መኪና አይመችም።

ማብራሪያ

ይህ ምንባብ የቀረበው ለድርሰት ትምህርት ነው። ሥራውን ለማየት የምትፈልጉ በትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ ውስጥ የኬሚስትሪ መምህራችሁ ባለበት እንጂ በማእድ ቤት አትሞክሩት። ሜታኖል ጥቂቱ እንኳ ቢጠጣ ዓይን ያሳውራል፤ ይገድላልም። በቆዳና በትንፋሽም ወደ ሰውነት ይገባል፤ ሲቀጣጠል ደግሞ ነበልባሉ በቀን ብርሃን ለማየት ያስቸግራል። ኮስቲክ ሶዳም ሥጋን ያቃጥላል፤ በየቤታችን ያለውን የአሉሚኒየም ድስት ሳይቀር በልቶ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

አሁን ወደ ሰዋስው እንመለስ። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. ድብልቁ ወደ ዘይቱ ሲጨመር እሳቱ ይጠፋል።
ለ. እሳቱ ጠፍቶ ድብልቁ ወደ ዘይቱ ይጨመራል።

ቃሎቹ ተመሳሳይ ናቸው። በ«ሀ» ውስጥ ግን «ሲ» የምትባለው ፊደል ሁለቱን ድርጊቶች በአንድ ጊዜ አደረገቻቸው። አንባቢው እሳቱ እየነደደ ሜታኖሉን ያፈስሳል ማለት ነው። በ«ለ» ውስጥ «ጠፍቶ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ አንደኛው ድርጊት ካለቀ በኋላ ሁለተኛው እንደሚጀመር ያስረዳል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ በመጨረሻ ስለሚመጣ ቦዝ አንቀጽ ለአሠራር ድርሰት እጅግ ምቹ ነው፤ እጅ የሚሠራውን በሚሠራበት ተራ ይነግረናል።

ይሁን እንጂ ቦዝ አንቀጽ ዘወትር ቅደም ተከተልን አያመለክትም። «መነጽር አድርጎ ያማስላል» ስንል መነጽሩን አድርጎ ጨርሶ ካወለቀ በኋላ ያማስላል ማለታችን አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። «ጠፍቶ» እና «አድርጎ» በቅርጽ አንድ ሲሆኑ በትርጉም ይለያያሉ። ስለዚህ አደጋ ባለበት ቦታ ላይ በቦዝ ብቻ አትተማመኑ፤ «ከ ... በኋላ» በሚለው አጥብቁት። በምንባቡ ውስጥ «ሶዳው ፈጽሞ ከሟሟ በኋላ» የተባለው ስለዚህ ነው። በእኔ አስተያየት ደግሞ በአንድ ዐረፍተ ነገር ከሦስት በላይ ቦዝ መደርደር አይገባም፤ አንባቢው በአንድ እጁ ዕቃ ይዞ በሌላው መጽሐፉን እንደሚገልጥ አስቡ።

የስም አመራረጥም እንደዚሁ ነው። በምንባቡ ውስጥ «አልኮል ይጨመራል» ብለን ብንተው አንዱ አረቄ ያመጣል፤ አረቄ ውሃ ስላለበት ሥራው ሳሙና ይሆናል። ሌላው ደግሞ ሜታኖል አልኮል ነው ሲባል ሰምቶ ይቀምሰዋል። «ሶዳ» ብለን ብንጽፍም አንባቢው የሚያውቀው የዳቦውን ወይም የሚጠጣውን ነው። እንግዲህ የአሠራር ድርሰት ጸሐፊ ቃል በደገመ ቁጥር አይፈር። በግጥም የሚያሰለች መደጋገም እዚህ አንባቢን ይጠብቃል።

ስለ ትርጉምም አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ የውጭ አገር መመሪያዎች ዘይቱ ከሜታኖል ጋር የሚደባለቀው 60 ዲግሪ ሲደርስ ነው ይላሉ። ሜታኖል በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ65 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለዚያ አገር ልክ ነው። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ በዚያ ውሃ በ92 ዲግሪ፣ ሜታኖልም በ58 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። መመሪያውን ቃል በቃል የተረጎመ ሰው አንድም የሰዋስው ስሕተት ሳይሠራ አንባቢውን በሚፈላ መርዝ ፊት አቆመው። ምንባቡ 50 ዲግሪ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

መልመጃ

1. «ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ ድብልቁ አይጨመርም» እና «ዘይቱ ከመቀዝቀዙ በፊት ድብልቁ ይጨመራል» በሚሉት መካከል ያለውን የትርጉም ልዩነት አስረዱ።

2. የሚከተሉት ድርጊቶች ተዘበራርቀዋል። በቦዝ አንቀጽና «ከ ... በኋላ» በሚለው እያያያዛችሁ በሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፏቸው፦ ግሊሰሪኑን መቅዳት፤ ዘይቱን ማጣራት፤ ባዮዲዝሉን ማጠብ፤ እሳቱን ማጥፋት፤ ድብልቁን መጨመር።

3. በምንባቡ ሦስተኛ አንቀጽ ውስጥ ያሉትን ተደራጊ ግሦች ለቅማችሁ አውጡ። ከመካከላቸው ወደ ትእዛዝ አንቀጽ ቢለወጡ የሚሻሉት የትኞቹ ናቸው? ምክንያታችሁን ጻፉ።

4. ሜታኖል በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል እንበል። ስለ ሜታኖል ሰምቶ የማያውቅ፣ የተጠማ ሰው ወደዚያ ክፍል ይገባል። በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ከ20 ባልበለጡ ቃላት ጻፉ።