ስለ ድንች ሥር፤ የዘር ድንች ለሚመርጡ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት



ድንች ወደ አገራችን የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እጅ መሆኑ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ዘሩን ስንመርጥ የቅጠሉን ልምላሜና የድንቹን ትልቅነት እናያለን እንጂ ሥሩን የሚመረምር ጥቂት ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ግን ሰሙን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ የድንችም ወርቁ ከምድር በታች ነው።

አስቀድመን አንድ ስሕተት እናርም። የምንበላው ድንች ሥር አይደለም፤ በምድር ውስጥ የወፈረ ግንድ ነው፤ ዓይን አውጥቶ የሚያጎነቁለውም ስለዚህ ነው። ውሃና ምግብ የሚስበው ሌላው ቀጭኑ ሥር ነው። አብዛኛው ሥሩም ከላይኛው 30 ሳንቲሜትር አፈር ብዙ ስለማያልፍ፥ ድንችን ከስንዴ ይልቅ ድርቅ ቶሎ ይጎዳዋል።

በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ደግሞ ሁለት ፈተና ያመጣል። በክረምት ውሃ ስለሚቋጥር ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ ዝናቡ ሲያቆም አፈሩ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሳል። በሆለታ የምርምር ጣቢያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ጉደኔ፥ በ2009 በለጠ የሚባሉ መልካም ዘሮች ወጥተዋል። ነገር ግን በሆለታ ቀይ አፈር የበረታ ሁሉ በመረሬ ላይ ይበረታል ማለት አይደለም።

ሊቃውንት አዲስ ዘር የሚያገኙት አበባን ከአበባ በማዳቀል ነው። ከዚያ የሚገኘው እያንዳንዱ ቡቃያ ጠባዩ ልዩ ልዩ ነው፤ መልካሙ ከተመረጠ በኋላ ግን ድንቹን በመትከል ሳይለወጥ ይባዛል። በጃፓን አገር በሆካይዶ ሥራቸው የበዛውን እየለዩ አዳቅለዋል። ሆኖም ሥሩ የበዛ አንዳንድ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳልና፥ ሥሩም ምርቱም አብረው ይመዘኑ።

ፈተናው ቀላል ነው። ከየዘሩ ጥቂት በአንድ ማሳ፥ ውሃ በሚያንጠፈጥፍ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተከል። ሲያብብ ከየዘሩ አምስት እግር ዙሪያውን በጥንቃቄ ተቆፍሮ በውሃ ይታጠብ። የሥሩ ርዝመት፥ ብዛትና ቀለም ይጻፍ፤ ነጩ ጤነኛ፥ ጠቁሮ የሚላላጠው የበሰበሰ ነው። በአጨዳ ጊዜ የቀሩት እግሮች ድንች ተመዝኖ ከዚሁ ጋር ይነጻጸር።

አንድ ሹም ያልተፈተነ ዘር በወረዳው ሁሉ ቢያከፋፍል፥ ስሕተቱ የሚታወቀው ዝናቡ ሲያቆም በገበሬው ማሳ ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ገበሬው ነው። ስለዚህ ዘር ከመታደሉ አስቀድሞ ሥሩ ይታይ።