ስለ ነፍሰ ጡርና ስለ አራስ ሩጫ፤ በካርቱም አየር

ነፍሰ ጡር ሴት መሮጥ ይገባታልን ወይስ አይገባትም የሚለው ጥያቄ ቀድሞ በጥቂት ሰዎች ዘንድ ብቻ የሚነሣ ነበር። በከተሞች ሴቶች ማለዳ እየተነሡ መሮጥን ከለመዱ ወዲህ ግን ጥያቄው በየቤቱ ይሰማል። አማቶችና ጎረቤቶች «ፅንሱ ይወርዳል» ብለው ይከለክላሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ የታወቁትን ሯጮች ስም እየጠሩ ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሴቲቱ የምትሮጥበት አገር አየር ነው። ስለዚህ ነገሩን በካርቱም ምሳሌነት መመርመር ይጠቅማል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከደጋ ወርደው የኖሩባት ከተማ ናትና።

አስቀድሞ ስለ ፅንስ መውረድ የሚባለው መታረም አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መምሪያ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሐኪም የሚከለክልበት ምክንያት የሌላት ነፍሰ ጡር በሳምንት ከ150 ደቂቃ ያላነሰ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ከማርገዟ በፊት ብርቱ እንቅስቃሴ የለመደችም ልማዷን ልትቀጥል እንደምትችል ይገልጻል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚወርዱት ፅንሶች ብዙዎቹ የሚወርዱት ከጥንተ አፈጣጠራቸው ጉድለት ስላለባቸው ነው። እንግዲህ ፅንስ የወረደባትን ሴት «ሮጠሽ ነው» ብሎ መውቀስ በሐዘኗ ላይ በደል መጨመር ይሆናል። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ሮጣ የማታውቅ ሴት በእርግዝናዋ ወራት ሩጫ ልጀምር ማለት አይገባትም፤ ለእርሷ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃታል።

መሮጥ ፈጽሞ የማይፈቀድላቸውም አሉ። የእንግዴ ልጁ በማኅፀን አፍ ላይ የተቀመጠባት፤ በእርግዝና ምክንያት የደም ግፊቷ ከፍ ያለ፤ የሽርት ውሃ የሚፈስሳት፤ ያለ ጊዜው ምጥ የጀመራት፤ ብርቱ የልብ ወይም የሳንባ በሽታ ያለባት፤ እነዚህ ሁሉ ማረፍ ወይም ሐኪም በፈቀደላቸው መጠን ብቻ መንቀሳቀስ ይኖርባቸዋል። በሱዳን ወባ የተለመደ በሽታ ስለ ሆነ፤ ወባም ደምን ስለሚያሳንስ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ለሩጫ ጫማዋን ከማሠሯ በፊት ደሟን ብታስመረምር መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ፤ ይኸውም ሙቀቱ ነው። ካርቱም ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 380 ሜትር ያህል ነው። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የሚሮጥ ሰው ሰውነቱ ከውስጥ ሙቀት ያመነጫል፤ ይህንንም በላብ አማካይነት ወደ ውጭ ያስወጣል። ፅንሱ ግን ላብ የለውም፤ ሙቀቱ የሚወጣለት በእናቱ ደም በኩል ብቻ ነው፤ ሁልጊዜም ከእናቱ ጥቂት ይበልጥ ይሞቃል። የእናቲቱ ሰውነት እጅግ ሲግል ፅንሱ መሸሻ የለውም። በተለይም አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በሚሠሩባቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእናቲቱ የውስጥ ሙቀት ከ39 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቢቆይ በፅንሱ ላይ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። ችግሩ፤ ብዙ ሴቶች በእነዚያ ሳምንታት ማርገዛቸውን ገና አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ልጅ ለመውለድ ካሰበችበት ቀን ጀምሮ ቢሆን ይሻላል።

ከአዲስ አበባ ወደ ካርቱም የምትወርድ ሯጭ በተለይ ትሳሳታለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት በመሆኗ፤ ከዚያ የመጣችው ሴት በቆላው አየር እስትንፋሷ ሲቀልላት ኀይሏ የጨመረ ይመስላታል። እስትንፋሱ በእውነት ይቀልላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ያንኑ ትርፍ መልሶ ይወስደዋል። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ስለሚፈልግ እስከዚያው በእርምጃ መቆየት ይገባታል። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የምትወጣ ነፍሰ ጡርም የመጀመሪያዎቹን ቀኖች እንዲሁ በእርምጃ ታሳልፍ።

በካርቱም መሮጥ የሚቻለው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። በጥቁር ዓባይ ዳር የሚሄደው የናይል መንገድ በትላልቅ ዛፎች የተጋረደ በመሆኑ ጦርነቱ በ2023 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር እስኪነሣ ድረስ ብዙ ሰው ይንሸራሸርበት ነበር። ለከተማ አስተዳዳሪዎችም ይህ ትምህርት ይሆናል፤ ዛፍና የመጠጥ ውሃ ያለበት መንገድ ለእናቶች ጤና ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅማልና። ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ከቤት አለመውጣት ነው። ውሃ ከመጠማት በፊት ይጠጣል። በጾም ምክንያት ውሃ ሳይቀምሱ መሮጥ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይገባም። የሩጫውንም መጠን ለመለካት ሰዓት አያስፈልግም፤ እየሮጠች ከጓደኛዋ ጋር ሳትቆራረጥ መነጋገር ካልቻለች ፍጥነቷ በዝቷል ማለት ነው።

ወራቱ እየገፋ ሲሄድ ሆድ ወደ ፊት ይከብዳል፤ መገጣጠሚያዎችም ይላላሉ፤ በአሸዋና በተቦረቦረ መንገድ ላይ መውደቅ ቀላል ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሩጫውን ወደ እርምጃ መለወጥ ሽንፈት አይደለም። ደም መታየት፤ የውሃ መፍሰስ፤ የሚመላለስ የሆድ ቁርጠት፤ ማዞር፤ ብርቱ ራስ ምታት፤ የደረት ሕመም፤ የአንድ ባት ማበጥና መታመም ሲኖር ወዲያው ቆሞ ወደ ሐኪም ወይም ወደ አዋላጅ መሄድ ያስፈልጋል። በጦርነቱ ምክንያት ሳትወድ በእግሯ ረጅም መንገድ የሸሸች ነፍሰ ጡርም የምትመረመረው በእነዚሁ ምልክቶች ነው።

ስለ አዋላጅ ሲነሣ ኦምዱርማን መጠቀስ ይገባታል። በ1921 ዓ.ም. ሚስ ሜብል ዎልፍ የተባለች እንግሊዛዊት አዋላጅ በዚያች ከተማ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ስለ ነበሩ መድኃኒቶቹን በቀለማቸውና በሽታቸው እንዲለዩ ተደረገ። ከዚያ አስቀድሞ የነበሩት የልምድ አዋላጆች «ባለ ገመድ» ይባሉ ነበር፤ ምጥ የያዛት ሴት ከጣሪያ የተንጠለጠለ ገመድ ይዛ ትወልድ ነበርና። በ2023 በካርቱም ብዙ ሆስፒታሎች ሥራ ሲያቆሙ አዋላጆች በየቤቱ እየዞሩ አዋልደዋል። የሩጫም ጥያቄ ቢሆን አስቀድሞ ለእነርሱ ቢቀርብ አያሳፍርም።

ከወሊድ በኋላ ያለው አደጋ ከሙቀት ይልቅ ችኮላ ነው። በሱዳንም በኢትዮጵያም አራስ ለ40 ቀን ታርፋለች፤ ማኅፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ የሚፈልገውም ስድስት ሳምንት ያህል ስለ ሆነ የአባቶች ልማድ ከሐኪሞች ቍጥር ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን በአርባኛው ቀን ዕረፍቱ አበቃ ማለት ሩጫው ተፈቀደ ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ የሚጀመረው እርምጃ ነው፤ ማኅፀንንና ፊኛን ከሥር የሚደግፉትን ጡንቻዎች ማጠንከርም እንዲሁ። ሩጫ ከሦስት ወር በፊት ባይሞከር ይመረጣል፤ በቀዶ ሕክምና የወለደች ደግሞ ከዚያም በላይ ልትቆይ ትችላለች። ስትሮጥ ሽንት የሚያመልጣት ወይም ከታች የመክበድ ስሜት የሚሰማት ከሆነ ሰውነቷ ገና አልተዘጋጀም፤ ይህን በእፍረት መደበቅ የማኅፀን መውጣትን ሊያስከትል ይችላል።

ወጣቶቹ የሚጠሯቸው ሯጮች ታሪክም ቢመረመር የሚያስተምረው ትዕግሥትን ነው። በ1992 በባርሴሎና የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ በ1998 ወለደች፤ በ10,000 ሜትር እንደገና የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው ግን በ2000 ዓ.ም. በሲድኒ ነው። ጥሩነሽ ዲባባም በ2015 ወልዳ በሪዮ የነሐስ ሜዳሊያ የተቀበለችው ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ግድም በኋላ ነበር። እነዚህ ሐኪምና አሠልጣኝ ያልተለያቸው ናቸው።

በመጨረሻም ሩጫ ወተትን ያደርቃል የሚባለው እውነት አይደለም። መካከለኛ ሩጫ የወተቱን መጠንም የሕፃኑንም ዕድገት አይቀንስም፤ የሚጎዳው ውሃና ምግብ ማጓደል ነው። አጥብታ ብትወጣ ግን ጡቷ ስለማይከብዳት ሩጫው ይቀልላታል፤ ሕፃኑም እስክትመለስ ይተኛል።