የመዝጋቢውና የፈላጊው ቃል ይስማማ፦ ስለ ቪዲዮ አመዘጋገብና አፈላለግ አጭር ትምህርት



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እኅት ወደ ክፍላችን መጥታ አንድ ነገር ለመነችን። እናቷ በሕይወት ሳሉ በአንድ የእናቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሲናገሩ በቪዲዮ ተቀርጸው ነበር። የሙት ዓመታቸው ተቃርቦ ስለ ነበር፣ ቤተ ሰቡ በዚያ ቀን ድምፃቸውን ሊሰማ ፈለገ። የድሮዎቹ ካሴቶች ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጠው ስለ ነበር፣ ሥራው የደቂቃ መስሎን «ይገኛል» ብለን ተስፋ ሰጠናት። በፍለጋው ሣጥን ውስጥ «ማህበር» ብለን ጻፍን፤ ምንም አልተገኘም። «እናቶች» ብለን ጻፍን፤ አሁንም ባዶ ሆነ። በመጨረሻ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ እየከፈትን ስናይ ሰነበትን። ቪዲዮው የተገኘው ግን የሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። የፋይሉ ርእስ «የእናቶች ማኅበር ስብሰባ» ይል ነበር።

እንግዲህ ቪዲዮው አልጠፋም ነበር። የጠፋው በመዝጋቢውና በፈላጊው መካከል ሊኖር የሚገባው ስምምነት ነው። መዝጋቢውም ፈላጊውም እኛው ነበርንና፣ ጥፋቱን በሌላ ላይ ልንጥለው አንችልም። ይህን ትምህርት የጻፍነውም ያ ስሕተት እንዳይደገም ነው።

1. ኮምፒውተሩ የሚያነበው ምንድን ነው?

የፍለጋ መሣሪያው በአብዛኛው ምስሉን አያይም፤ ድምፁንም አይሰማም። የሚያነበው ስለ ቪዲዮው የተጻፈውን ነው። ይኸውም የፋይሉ ስም፣ ርእሱ፣ ዓመቱ፣ የአዘጋጁ ስምና አጭር መግለጫው ነው። ይህ መረጃ በሙያው ቋንቋ ሜታዳታ ይባላል፤ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ይዘጋጅ የነበረውን ካርድ ይመስላል። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ መሣሪያዎች ዛሬ ቢኖሩም፣ ተራ የቪዲዮ ስብስብ አሁንም የሚታመነው በዚህ ካርድ ነው። ስለዚህ መፈለግ ማለት በሣጥኑ ውስጥ የጻፍነውን በካርዱ ላይ ከተጻፈው ጋር ማስተያየት ማለት ነው። ካርዱ በላቲን ፊደል ተጽፎ ከሆነ፣ በአማርኛ የተጻፈ ጥያቄ አይደርስበትም።

2. ርእስ ብቻውን አይበቃም

በብዙዎች ዘንድ ከታወቁት ፊልሞች ምሳሌ እንውሰድ፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሴሲል ደሚል «ዐሥርቱ ትእዛዛት» የተባለ ፊልም ሁለት ጊዜ ሠርቷል። የመጀመሪያው የ1923ቱ ድምፅ አልባ ፊልም ሲሆን፣ ሁለተኛው የ1956ቱ ነው። ርእሱም አዘጋጁም አንድ ስለ ሆኑ፣ የሚለያቸው ዓመቱ ነው። «ቤን ሐር» ደግሞ በ1925፣ በ1959 እና በ2016 ለእይታ ቀርቧል። ኮዲ፣ ጄሊፊንና ፕሌክስ የተባሉት የቪዲዮ ማደራጃ ፕሮግራሞች የፊልም ፋይል ስም በርእሱ እንዲጀምርና ዓመቱ በቅንፍ እንዲከተል የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ እነዚህን ሁለቱን ይዞ በኢንተርኔት ያለውን የፊልሞች መዝገብ ይጠይቃል፤ መግለጫውንም ያመጣል። «ፊልም ሦስት የመጨረሻው ቅጂ» ብለን ከሰየምነው ግን የሚጠይቅበት ነገር አይኖረውም።

ርእስም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ይለወጣል። ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ በ1964 የሠራው ፊልም በጣሊያንኛ «ወንጌል እንደ ማቴዎስ» ሲባል፣ በእንግሊዝኛ ርእሱ ላይ «ቅዱስ» የሚል ቃል ተጨምሮበታል። ፈላጊው ሁለቱም ርእሶች የሚጋሩትን ቃል ከዓመቱ ጋር ቢጠቀም ይሻለዋል።

ዓይነቱንም መለየት ያስፈልጋል። የፍራንኮ ዜፊሬሊ «የናዝሬቱ ኢየሱስ» በ1977 ለቴሌቪዥን በክፍል በክፍል የቀረበ ሥራ ስለ ሆነ፣ ከፊልሞች መደብ ይልቅ በተከታታይ ዝግጅቶች መደብ ውስጥ ይፈለጋል። እንዲህ ላለው ሥራ የምዕራፉና የክፍሉ ቁጥር በሁለት በሁለት አኃዝ ይጻፋል፤ 01፣ 02 እያለ ይቀጥላል። አለዚያ በአንዳንድ ዝርዝር ላይ ክፍል 10 ከክፍል 2 በፊት ይቀመጣል።

3. የፊደላችን ጉዳይ

ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በዛሬው አማርኛ አንድ ድምፅ አላቸው። እንዲሁም ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ተመሳሳይ ናቸው። ጆሯችን አይለያቸውም፤ ኮምፒውተሩ ግን ይለያቸዋል። ፊደላችን በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ፣ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አግኝቷል። ፕሮግራሙ በተለይ ካልተዘጋጀለት በስተቀር ማኅበር፣ ማህበርና ማሕበር ለእርሱ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዓመት የሚለው ቃል በአራት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ፀሐይ የሚለውም ፀ ወይም ጸ፣ ከዚያም ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ እየተባለ ቢጻፍ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል፤ ሁሉም የሚነበበው ግን በአንድ ድምፅ ነው።

በቃል ላይ የሚለጠፉት የ፣ በ፣ ለ፣ ከ የመሳሰሉትም ያሳስታሉ። አንዳንድ መሣሪያ ቃሉን የትም ቢገኝ ያወጣዋል፤ ሌላው ግን ከቃሉ መጀመሪያ ብቻ ይመለከታል። የእኛው መሣሪያ ከሁለተኛው ወገን ስለ ነበር፣ «እናቶች» ብለን ስንጠይቀው «የእናቶች» የሚለውን አላወጣልንም።

4. የዘመን አቆጣጠር

መስከረም 1 ቀን 2008 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2015 ነው። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ዓመት ሲሆን፣ ከአውሮፓውያን አዲስ ዓመት በኋላ 8 ይሆናል። ስለዚህ በካርዱ ላይ «2008» ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ ፈላጊው የትኛው እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም። «ዓ.ም.» ወይም «እ.አ.አ.» የሚለውን መጨመር የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ ትርፉ ግን ብዙ ነው።

5. ልንይዛቸው የሚገቡ ደንቦች

ለመዝጋቢው፦

ሀ. አንድ የአጻጻፍ መንገድ ይመረጥ፤ ሁሉም ሠራተኛ በእርሱ ይጻፍ።

ለ. ከርእሱ ሌላ የቁልፍ ቃላት ረድፍ ይኑር። በዚህም ረድፍ ቃላቱ ያለ ቅጥያ ይጻፉ፤ የተለመዱት ልዩ ልዩ አጻጻፎችም ይጨመሩ፦ እናቶች፣ ማኅበር፣ ማህበር፣ ማሕበር።

ሐ. በቪዲዮው ውስጥ የሚናገሩት ሰዎች ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይመዝገብ። በ1995 በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በደብሊን ከተማ በተደረገ ስብሰባ የተጀመረው ደብሊን ኮር የተባለ የአመዘጋገብ ሥርዓት 15 መደቦች አሉት። ለትንሽ ስብስብ ግን ርእስ፣ አዘጋጅ፣ ቀን፣ ቋንቋ፣ ጉዳይና መግለጫ ቢሟሉ ብዙ ነው።

ለፈላጊው፦

መ. በረጅም ዓረፍተ ነገር አይጠይቅ፤ በአንድ ቃል ይጀምር፤ ውጤቱ ከበዛበት ዓመቱን ይጨምር።

ሠ. እንደ «ስብሰባ» ያለውን ሁሉም ካርድ ላይ የሚገኝ ቃል ትቶ፣ እንደ ሰው ወይም እንደ ቦታ ስም ያለውን ይምረጥ።

ረ. መልሱ ባዶ ሲሆን «የለም» ብሎ አይደምድም። ሆሄውን ለውጦ፣ ቅጥያውን ጨምሮ ወይም ቀንሶ፣ ዓመቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ሞክሮ ይጠይቅ።

የእናቲቱን ቅጂ ለልጃቸው ባስረከብን ጊዜ አላማረረችብንም፤ «ለሚመጣው ዓመት ይሆነናል» ብላ ተቀበለችን። አባቷ ግን በዚያ ቀን የባለቤታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ዋሉ። በአንዲት ሆሄና በአንዲት ቅጥያ ምክንያት የሆነ መሆኑን ስናስብ፣ ካርድ መጻፍን እንደ ትንሽ ሥራ ልንቈጥረው አንችልም። ዛሬ ካርዱን የምንጽፈው ነገ ተጨንቆ ለሚፈልግ ለማናውቀው ሰው ነው።

መልመጃ

1. በቤታችሁ ወይም በማኅበራችሁ ካሉት ቪዲዮዎች አምስቱን ምረጡ። ስማቸውን ብቻ አንብቦ ሌላ ሰው ይዘታቸውን ሊያውቅ ይችላልን?

2. «ሥዕል» የሚለው ቃል በስንት መንገድ ሊጻፍ እንደሚችል ጻፉ። በመዝገባችሁ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ለምን?

3. በቪዲዮዎቻችሁ ውስጥ ስማቸው ያልተመዘገበ አረጋውያን አሉን? የሚያውቋቸው ሰዎች ሳሉ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ መዝግቡ።