የስልክ ድርጅት መዝገብና የነጋዴው ጥቅም
ስለ ቴሌኮሙኒኬሽን የአሠራር ድጋፍ ሥርዓት አጭር ትምህርት

ለንግድ ሥራ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ወሬን በጊዜው ማግኘት መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። በደብረ ማርቆስ ገበያ ጤፍ የሚሰበስብ ሰው በአዲስ አበባ እህል በረንዳ የዋለውን ዋጋ ሳይጠይቅ ቢገዛ፥ ትርፉ ዐባይን ሳይሻገር ሊያልቅበት ይችላል። ዛሬ ደግሞ ስልክ የዋጋ መጠየቂያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ መቀበያና መክፈያ ስለ ሆነ፥ የስልክ መቋረጥ የሱቅ በር እንደ መዘጋት ይቈጠራል። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ሲጓደል ጥፋቱ ከየት እንደሚመጣና በምን ዘዴ ቶሎ እንደሚቃና የሚረዱት ጥቂቶች ናቸው። ነገሩን መረዳት ግን ለነጋዴው ትልቅ ጥቅም አለው።

ከማዞሪያ እስከ ኮምፒዩተር

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋውም መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በዚያው አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ቍጥር 131 ተቋቋመ። በማዞሪያ ዘመን ደንበኛው የስልኩን እጀታ ባነሣ ጊዜ የሚያገኘው ሰው ነበር። የማዞሪያው ሠራተኛ የደንበኛውን ስም፥ አንዳንድ ጊዜም ድምፁን ያውቃል። መሥመር ሲበላሽ ነገሩ በወረቀት ይጻፋል፤ ጠጋኙም ወረቀቱን ይዞ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ይሄዳል። ደንበኞች ጥቂት በነበሩበት ጊዜ ይህ አሠራር ይበቃ ነበር።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ፈጽሞ ተለወጠ። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው ኢትዮ ቴሌኮም በ2015 የበጀት ዓመት መጨረሻ ላይ ከ70 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሩት። በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 ዘርፉ ለውድድር ከተከፈተ በኋላም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን ጀመረ። ይህን ያህል ሕዝብ በወረቀትና በቃል ማስተናገድ ከቶ አይቻልም። ስለዚህ የስልክ ድርጅቶች የአሠራር ድጋፍ ሥርዓት የሚባለውን የኮምፒዩተር ዘዴ አቆሙ።

አራቱ መዝገቦች

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የኔትወርክ አስተዳደርን ሥራ በአምስት ይከፍለዋል። እነርሱም ብልሽትን መከታተል፥ መሣሪያን ማሰናዳት፥ ሒሳብን መያዝ፥ የሥራውን ብቃት መመዘንና ደኅንነትን መጠበቅ ናቸው። ለደንበኛው ቅርብ የሆነውን ክፍል በነጋዴ ቋንቋ ለመግለጽ አራት መዝገቦችን መመልከት ይበቃል።

የመጀመሪያው የንብረት መዝገብ ነው። ማንኛውም ማማ፥ ባትሪ፥ ጄኔሬተር፥ የፋይበር ገመድና የስልክ ቍጥር በዚህ መዝገብ ላይ ከነቦታው ይጻፋል። የዚህ መዝገብ ጠባይ ከሱቅ የዕቃ መዝገብ ጋር አንድ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ያለው በመደርደሪያው ላይ ከሌለ ሽያጩ ሁሉ ይበላሻል።

ሁለተኛው የትእዛዝ መዝገብ ነው። ደንበኛው አዲስ መሥመር ወይም ኢንተርኔት ሲጠይቅ ጥያቄው ከመስኮት ተነሥቶ እስከ መሣሪያው ድረስ የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው።

ሦስተኛው የብልሽት መዝገብ ነው። ማማው መብራት ሲቋረጥበት፥ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲጐድል፥ የመሣሪያው ቤት ሲሞቅ ወይም በሩ ሲከፈት ምልክት ወደ ዋናው መቈጣጠሪያ ይደርሳል። የደንበኛውም አቤቱታ ቍጥር ተሰጥቶት በዚሁ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

አራተኛው የሚዛን መዝገብ ነው። ከተደወለው ስንቱ ተሳካ፥ ስንቱ በመካከል ተቋረጠ፥ ብልሽቱስ በስንት ሰዓት ተጠገነ የሚለው የሚመዘነው በዚህ ነው።

እነዚህ መዝገቦች እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ፥ መሣሪያው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ደንበኛው ደስ አይለውም።

ለማስረጃ የሚሆን ምሳሌ

አንድ የደብረ ማርቆስ ነጋዴ አንድ መኪና ጤፍ ወደ አዲስ አበባ ላከ እንበል። ገዢው ገንዘቡን በቴሌብር ከፈለ፤ ከገዢውም ሒሳብ ተቀነሰ። የመድረሻው መልእክት ግን ለሻጩ አልመጣም። ሻጩ አልተከፈለኝም ብሎ እህሉ እንዳይራገፍ አዘዘ፤ ገዢው ደግሞ ከፍያለሁ ብሎ ተቈጣ። መኪናው ቆመ፤ የመኪናው ኪራይም በሰዓት እየጨመረ ሄደ። በሁለቱ መካከል ለብዙ ዓመት የቆየው መተማመንም በአንድ ቀን ተናጋ።

ጥፋቱ የት ነው? ገንዘቡ ደርሶ መልእክቱ ብቻ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። በሻጩ ሰፈር ያለው ማማ መብራት አጥቶም ይሆናል። ወይም ክፍያው ራሱ በመካከል ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል። መዝገቦቹ የተያያዙ እንደ ሆነ በመስኮት ያለው ሠራተኛ የክፍያውን ቍጥር ተቀብሎ ነገሩ የቆመበትን ቦታ ወዲያው ያያል። መዝገቦቹ የተለያዩ እንደ ሆነ ግን ደንበኛው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይላካል፤ በሄደበትም ሁሉ ጉዳዩን ከመጀመሪያው ይናገራል። ደንበኛን ከሁሉ በላይ የሚያስመርረው ይህ ነው።

የንብረት መዝገብ ስሕተትም እንዲሁ ይጐዳል። በክረምት፥ መብረቅ በሚበዛበት በጎጃም ደጋ፥ አንድ ማማ ተመታ እንበል። ጠጋኙ በመዝገቡ የተጻፈውን ዐይነት ዕቃ ይዞ በጭቃ መንገድ ወደ ተራራው ወጣ። በቦታው የተተከለው መሣሪያ ግን ከሌላ ዐይነት ሆኖ ተገኘ፤ ጠጋኙም ባዶ እጁን ተመለሰ። በስፍራው ያሉ ባለ ሱቆች አንድ ቀን ሙሉ የከሰሩት በመብረቁ ብቻ አይደለም፤ መዝገቡን ያላስተካከለው ሰው ስንፍናም ተጨምሮበት ነው።

አዲስ ዘዴዎች ምን ጨመሩ?

ቀድሞ መቈጣጠሪያው ይመለከት የነበረው መሣሪያውን ነበር። መሣሪያው ደኅና ከሆነ ደንበኛውም ደኅና ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። መሣሪያዎቹ ሁሉ ምንም የብልሽት ምልክት ሳያሳዩ የነጋዴው ክፍያ ላያልፍ ይችላልና። ስለዚህ በአዲሱ አሠራር አገልግሎቱ ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ደንበኛ ሆኖ ይፈተናል።

ሁለተኛው ለውጥ ምልክትን ከምልክት ማዛመድ ነው። አንድ የፋይበር ገመድ በመንገድ ቍፋሮ ቢቈረጥ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ምልክቶች ይደርሳሉ። ሥርዓቱ እነዚህን ሰብስቦ የሁሉም ምክንያት አንዱ የተቈረጠው ገመድ መሆኑን ያመለክታል፤ ጠጋኞችም በየማማው አይባክኑም። ወደ አንድ ከተማ የሚገባው መሥመር ሁለት ወገን ሲኖረው፥ ለምሳሌ አንዱ በደጀን ሁለተኛው በባሕር ዳር በኩል ቢሆን፥ አንዱ ሲቈረጥ አገልግሎቱ በሌላው ይዞራል። ደንበኛው መቈረጡን እንኳ ሳያውቅ ጥገናው ይፈጸማል።

ሦስተኛው ከአቤቱታ አስቀድሞ መናገር ነው። ብልሽቱ በታወቀ ጊዜ በዚያ ሰፈር ላሉት ደንበኞች የሚቃናበት ሰዓት በአጭር መልእክት ቢነገራቸው፥ ነጋዴው መኪናውን ያቆያል ወይም ጥሬ ገንዘብ ያሰናዳል። ብልሽቱን ፈጽሞ ማስቀረት ባይቻልም ኪሳራውን መቀነስ ይቻላል።

ይሁን እንጂ ዘዴው የማያቃናው ነገር አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ያለውን መቋረጥ የብልሽት መዝገብ አይጠግነውም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ነጋዴው በአንድ መንገድ ብቻ መታመን እንደሌለበት ነው። ያለ ኢንተርኔት በአጭር ቍጥር የሚሠራውን የክፍያ መንገድ ማወቅና የዕለቱን ሒሳብ በወረቀት መያዝ ይገባዋል።

መቶኛው ሲመረመር

ድርጅቶች አገልግሎታቸውን በመቶኛ መግለጽ ይወዳሉ። ከመቶ 99 የሚለው ቃል ለጆሮ ያማረ ነው። ሲሰላ ግን በዓመት 3 ቀን ከ16 ሰዓት ያህል መቋረጥ ማለት ነው። ከመቶ 99.9 ሲሆን መቋረጡ ወደ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ይወርዳል። ከመቶ 99.99 ሲሆን ደግሞ 53 ደቂቃ ያህል ብቻ ይሆናል። ከዚህም በቀር መቋረጡ መቼ ነበር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በእኩለ ሌሊት የጠፋ አንድ ሰዓትና በገበያ ቀን ረፋድ የጠፋ አንድ ሰዓት በሚዛን መዝገብ እኩል ናቸው፤ በነጋዴው ኪስ ግን እኩል አይደሉም።

የነጋዴው ድርሻ

የብልሽት መዝገብ ጥሩ የሚሆነው ጥሩ አቤቱታ ሲገባበት ነው። «ኔትወርክ የለም» ብሎ መቈጣት ለጠጋኙ ምንም አያስረዳውም። ስለዚህ ነጋዴው የሚከተሉትን ቢፈጽም ይጠቀማል።

አንደኛ፤ የተበላሸው ጥሪው፥ መልእክቱ፥ ኢንተርኔቱ ወይስ ክፍያው መሆኑን ለይቶ ይናገር።

ሁለተኛ፤ ቀኑን፥ ሰዓቱንና ቦታውን ይጻፍ። የጐረቤቱም ስልክ ተቋርጦ እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ የብዙ ሰው መቋረጥ የማማ፥ የአንድ ሰው መቋረጥ የስልኩ ወይም የሲም ካርዱ ምልክት ነውና።

ሦስተኛ፤ ለክፍያ ጉዳይ የክፍያውን መለያ ቍጥር ይያዝ፤ የምሥጢር ቍጥሩን ግን ድርጅቱን ወክያለሁ ለሚልም ቢሆን ለማንም አይስጥ።

አራተኛ፤ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ወይም በመስኮት ሲያመለክት የአቤቱታውን ቍጥር ሳይቀበል አይመለስ። ቍጥር የሌለው አቤቱታ በመዝገብ የለም፤ በመዝገብ የሌለውንም የሚከታተለው አይገኝም።

አምስተኛ፤ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ያንኑ ቍጥር ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያመልክት። ባለሥልጣኑ የተገልጋዮችን መብትና የአገልግሎትን ጥራት የሚመለከቱ መመሪያዎች አውጥቷልና።

በመጨረሻም ይህ ትምህርት ለስልክ ድርጅት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ሱቁን በሚገባ የሚያስተዳድር ነጋዴ ያለውን ዕቃ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል፤ የታዘዘውን እስኪያደርስ ይከታተላል፤ ደንበኛው የመለሰውን ዕቃ ምክንያቱን ጽፎ ይይዛል። ሲዘገይም ሳይጠየቅ አስቀድሞ ይናገራል። ደንበኛ መዘግየትን ሊታገሥ ይችላል፤ የሚነግረው ሰው ማጣትን ግን አይታገሥም። መዝገቡን ከእውነተኛው ነገር ጋር አስማምቶ የያዘ፥ ትልቅ ድርጅትም ሆነ ትንሽ ሱቅ፥ ደንበኛውን ጠብቆ ይኖራል።